የእትዬ ካውያ ምስክርነት

በሆስፒታሉ የልብስ ንጽሕና ክፍል እትዬ ካውያን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆመው አንሶላ የሚተኩሱ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ እነሱን ካውያ ያላቸው የለም። እሷ ካውያ የተባለችው የተጨማደደ ሰው አይታ ሳታቀና ስለማታልፍ ነው። ከባሏ ተጣልታ የመጣችውን፣ ያረፈደችውን፣ የጎረቤት ሐሜት ተሸክማ የገባችውን ሁሉ፣ እጇ ከአንሶላው ሳይነሣ፣ ከመጽሐፈ ምሳሌ አንድ ቃል መዝዛ ታሳርፍባታለች።

"እትዬ፣ ዛሬስ አቃጠልሽኝ!" ይሏታል እየሳቁ።

"ያልጋለ ካውያ ምን ሊሠራ?" ትላለች።

ማንበብ የተማረችው ከወለደች በኋላ ነው። ባሏ ሌላ ሴት ወዶ ጨርቁን ጠቅልሎ በወጣበት ዓመት፣ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሟ "እንባ ሆድ አይሞላም፤ ነይ ፊደል ላስቆጥርሽ" ብሎ ከጎኑ አስቀመጣት። መለማመጃ ብሎ የሰጣት መጽሐፈ ምሳሌን ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል ብሎ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ መስመር በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ያቺኑ መስመር ስታላምጥ ትውላለች። እንዲህ እያለች አብዛኛውን በቃሏ ያዘችው። አንድ ልጇን ያሳደገችውም በዚሁ ነው፤ በላቧና በጥቅሷ።

ባሏን የወሰደችባትን ሴት ግን በስሟ ጠርታት አታውቅም። "ያቺ" ነው የምትላት። ያቺም ለሰውየው ወንድ ልጅ ወለደችለት። ሰውየው ሞቶ ሲቀበር ሁለቱ ሴቶች ከመቃብሩ ወዲያና ወዲህ ቆመው አለቀሱ እንጂ ዐይን ለዐይን አልተያዩም። የእናቶቹን ቂም ልጆቹ አልወረሱትም። አድገው አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ተገናኙና አንዲትን የዳቦ ማመላለሻ መኪና ለሁለት ይነዱ ጀመር። የያቺ ልጅ ሰውነቱ ስንጥር ስለሚያክል ቀጮ ይሉታል። ጠዋት ቀጮ ይነዳል፣ ከሰዓት ወፍራሙ የእትዬ ካውያ ልጅ። አንዱ ሲያመው ወይም ጉዳይ ሲገጥመው፣ አለቃ ሳይሰማ፣ ሌላው ይሸፍንለታል።

"ወንድሜ እኮ ነው፣ እማ" ይላታል ልጇ።

"የአባትህ ልጅ ነው" ትለዋለች። "ወንድም ሌላ፣ የአባት ልጅ ሌላ።"

አንድ የዕረፍቷ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ እያካፋ ልጇ ከላይ እስከ ታች በስብሶ መጣ። ከደጃፉ አላልፍ ብሎ ቆመ። ፎጣ ልታቀብለው ስትነሣ፣

"እማ፣ ሰው ገጨሁ" አላት።

ስልኩ ጮኾ ሊያነሣ ዐይኑን ከመንገዱ ነቀለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከሆስፒታሉ በላይ ባለው መታጠፊያ፣ ጃንጥላ እየጠገነ የሚኖር ሽማግሌ ዕቃውን ሸክፎ ሊሻገር ወደ መንገዱ ገብቶ ነበር። ልጁ መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ሽማግሌው አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ፣ አንድ እጁ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ መሬቱን ይዳስሳል። ግራ ቀኙን ቢያይ ሰው የለም። ያን ጊዜ ፈራ። ተመልሶ ገብቶ ነዳ። መኪናዋን ፋብሪካው ግቢ አቁሞ በእግሩ መጣ።

"በሕይወት ያለ ሰው ጥለህ መጣህ?"

ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ተነሥ፣ እንሂድ። አሁን ሄደህ ከተናገርክ…"

"ነገ፣ እማ። በሞትኩልሽ፣ ነገ በጠዋት ራሴ እሄዳለሁ። ዛሬ እግሬም አይሸከመኝ።"

አየችው። እውነትም አይሸከመውም። "እሺ፣ ነገ" አለች። ያችን ነገ ኋላ ስንቴ እንደረገመቻት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቀጮ እንደ ወትሮው መኪናዋን አውጥቶ ዳቦ ሊያደርስ ወጣ። ገና ጨለማው ስላልለቀቀ የፊት መብራቷ መሰበሩን ልብ አላለም። ከመጀመሪያው ሱቅ ሳይደርስ ትራፊክ አስቆመው። መብራቱ ተሰብሯል፤ መከላከያው ላይ የጃንጥላ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። "እንዲህ ሆና ነው የተረከብኳት" ቢል ማን ይስማው? ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ ሲሉት፣ ቤቱ ብቻውን ተኝቶ ነበር፤ እናቱ አትክልት ልትሸጥ ወጥታለች። ምስክር የለውም።

የእትዬ ካውያ ልጅ ራሱን ሊያስረክብ ልብሱን እየለበሰ ሳለ በሩ ተንኳኳ። መርማሪው ነው። ልጁ የቀጮን መያዝ ከመርማሪው አፍ ሲሰማ፣ አንደበቱ ቀደመው። "ትናንት ሆዴን አሞኝ ቤት ነበርኩ። እሱ ነው የሸፈነልኝ" አለ።

መርማሪው ወደ እሷ ዞረ። ጨዋ ሰው ነበር። "እናቴ፣ ልጅዎ ትናንት ከሰዓት እቤት ነበር?"

ልጇን አየችው። ኩፍኝ ወጥቶበት ሊሞት ነው ባሉበት ጊዜ ያየችውን ፊት ነው አሁንም ያየችው፤ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዐይኑ እሷው ላይ ተተክሎ። ለራሷ እንኳ ልትናገረው የምታፍረው ሌላ ነገርም ነበር። የተያዘው የያቺ ልጅ ነው ሲባል፣ ከደረቷ ሥር አንዳች የሞቀ ነገር ብልጭ አለ። ደስታ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ፤ ግን ደስታ ነበር።

"ቤት ነበር" አለች። "ትኩስ ነገር ሳጠጣው ነው ያመሸሁት።"

ያልተጠየቀችውን ጨመረችበት። መርማሪው ጽፎ አስፈረማትና ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ቃሏ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን አልገለጠችም። ሥራ ቦታም አፏ ተለጎመ። አንዷ ልጅ የሰው ነገር ይዛ ገብታ ስታወራ ጠብቃ ጠብቃ፣ "እትዬ፣ ዛሬ ጥቅስ የለም እንዴ?" አለቻት። ሌላዋ፣ "ተያት፣ ካውያው መብራት ጠፍቶበታል" ብላ አሳቀች። እትዬ ካውያም ሳቁ እንዲያልፍላት አብራ ሳቀች።

ሽማግሌው የተኛው እዚያው ሆስፒታል ነበር፤ ነፍሱን አያውቅም። የእሱ ክፍል አንሶላ ተቆልሎ ሲመጣ ከሌላው ለይታ የምታውቀው ይመስላታል። የተተኮሰውን የሚያደርሱ ሌሎች ናቸው፤ እሷ ግን "ወገቤን ላፍታታ" እያለች የዚያን ክፍል ራሷ ተሸክማ መውጣት ጀመረች። ጠያቂ የለውም። ጭንቅላቱ ተጠቅልሎ፣ በአፉ ቱቦ ገብቶ ተጋድሟል። ጣቶቹ በሽቦ ተጫጭረው ጠባሳ በጠባሳ ናቸው። የራስጌውን አንሶላ ታስተካክልለታለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ "አባቴ፣ ይንቁ እባክዎ" አለችው። ነቅቶ "አንድ ወፍራም ልጅ ነው የገጨኝ፣ ቀጭን አይደለም" ቢል፣ እሷ ሳትናገር እውነቱ በሌላ አፍ ቢወጣ፣ ምንኛ በወደደች። ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት፤ በሞት አፋፍ ያለን ሰው የራሷን ሸክም እንዲሸከምላት ትለምነዋለች!

በእሑዱ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሄደች። ጡረታ ወጥቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለች ወንበር ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ሰው ነው። ሁሉንም ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አውርዶ ጠረገው፣ መልሶም ጠረገው።

"ፍቅር ኃጢአትን ትከድናለች ይላል" አላት። "አንቺው በቃልሽ የምትይው ነው።"

"ትከድናለች ይላል፣ ጋሼ። ከአንዱ ላይ ገፍፋ ሌላው ላይ ታለብሳለች ይላል?"

"ልጅሽ ነው!"

"እሱንማ አውቃለሁ። አምጬ የወለድኩት እኔ ነኝ። የማላውቀው መንገዱን ነው። ፊደሉን ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና አሁን ደግሞ መንገዱን አሳየኝ።"

ሽማግሌው ወንድሟ መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ስሚ፣ እኅቴ" አለ። "እንደ መምህር ከጠየቅሽኝ፣ መልሱን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። እንደ አጎቱ ከጠየቅሽኝ ግን፣ ዝም በይ። ዝም በይና እግዚአብሔር እንዳደረገው ያድርገው።"

ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው። በአነጋገሩ አልተቀየመችም፤ ብቸኝነቷ ግን ከመምጣቷ በፊት ከነበረው ባሰ።

ሽማግሌው ጃንጥላ ጠጋኝ በሳምንቱ ሞተ። አንሶላ ይዛ ስትገባ አልጋው ባዶ ነበር፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ቆሟል። ነርሷ "ማለዳ ዐረፈ" አለቻት፣ ቀለል አድርጋ። እትዬ ካውያ አንሶላውን ታቅፋ የት እንደምታደርገው ጠፋት። የቀጮም ክስ ከባድ ሆነ።

ያቺ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። እትዬ ካውያ በር ስትከፍት፣ በመቃብር ማዶ ካየቻት ወዲህ ያላየቻት ሴት፣ የአትክልት አፈር በጥፍሯ ሥር እንዳለ ቆማለች። ግቢ ሳትላት ገባች። ቁጭ በይ ሳትላት ቁጭ አለች።

"ልጣላሽ አልመጣሁም፣ እትዬ" አለች። "ድሮ በድዬሻለሁ። ይቅርታ ልልሽ ስንቴ ወጥቼ ከመንገድ እንደተመለስኩ። ዛሬ የመጣሁት ለሱም አይደለም። ልጄ አላደረግሁም ይለኛል። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ጥፋት አያጣም፣ ውሸት ግን አይችልበትም፣ ይንተባተባል። ሲነግረኝ አልተንተባተበም።"

እትዬ ካውያ የቡና ስኒዎቹን ከመደርደሪያ አውርዳ መልሳ ደረደረች።

"ሰሎሞን ሰይፍ ያነሣው በአንድ ሕፃን ላይ ነበር" አለች ያቺ። "የእኛ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ሳይቆረጥ አይቀርም። ማንም እናት ልጇ እንዲቆረጥ አትመርጥም፤ አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጅሽ እቤት እንደነበር ዐይኔን እያየሽ ንገሪኝ። ነግረሽኝ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም።"

እትዬ ካውያ ፊቷን ወደ ያቺ ለማዞር ሞከረች። አንገቷ እንቢ አላት። "ቤት ነበር" አለች፣ ለመደርደሪያው።

ያቺ ተነሣች። በሩን በቀስታ ዘግታው ወጣች። ብትሰድባት፣ ብትረግማት፣ ፀጉሯን ይዛ ብትጎትታት በተሻለ።

የዚያን ዕለት መጽሐፉን ገለጠች። የምትፈልገውን ታውቃለች፤ በጣቷ መከተል እንኳ አላስፈለጋትም። ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም፤ የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል። ስንቷን ሴት በዚህ ቃል ተኩሳለች! አሁን ቃሉ ወደ ራሷ ሲዞር ምን ያህል እንደሚያቃጥል አየች። "ምሕረቱ የት ነው?" አለች ጮክ ብላ። "ብናገር ልጄ ይታሰራል። ዝም ብል የሰው ልጅ ይታሰራል። ወደ ምሕረቱ በየትኛው በር ነው የምገባው?"

ልጇ ሲገባ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

"ራስህ ሂድ" አለችው። "በእግሩ የሄደና ተጎትቶ የሄደ አንድ አይደለም። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ዋሽቻለሁ እላለሁ። የመጣውን አብረን እንቀበላለን።"

"ሰውየው ሞቷል፣ እማ! አሁን ብሄድ አይምሩኝም።"

"ቀጮንስ ይምሩታል?"

ድንገት ተነሣ። ዐይኑ ደም መሰለ። "አባቴን ወሰደችብሽ። ዕድሜ ልክሽን ያቺ፣ ያቺ ስትይ አሳደግሽኝ። ዛሬ ደግሞ እኔን ልትሰጫት ነው? ላንቺ ማን ልጅ ሆኖ ነው?"

ይህ ቃል አንጀቷን በጠሰው። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ያን ጥላቻ በየቀኑ በማንኪያ ያጎረሰችው እሷ ናት። ቂሟ ባይኖር፣ መርማሪው በጠየቃት ቀን ምላሷ እንደዚያ በቀለላት ነበር?

"ለማንም አልሰጥህም" አለችው። "ግን በወንድምህ ሬሳ ላይ ቤት ሠርተህ ልትኖርበት አትችልም። ልጄ፣ አትለማም። እኔ ስለምወድህ ነው የምልህ፣ አትለማም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ "ወንድምህ" ማለቷን ሁለቱም ሰሙት። ልጁ እግሯ ላይ ወደቀ፤ እንደ ሕፃን ጉልበቷን አቅፎ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። አልሄደም ግን። ነገ እያለ፣ ነገ እያለ የችሎቱ ቀን ደረሰ።

በችሎቱ ጠዋት ልጇ ሸሚዙን አምጥቶ "ተኩሽልኝ" አላት። ሁለቱም ለምስክርነት ነው የሚሄዱት። ተኮሰችለት፤ አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ ቁልፍ በቁልፍ። "እማ፣ ያልሽውን ብቻ ነው የምትደግሚው" አላት ሲለብስ። እሷ ካውያውን ነቀለች። መንገድ ላይ እጇን ያዘ፤ ልጅ ሳለ መንገድ ሲያሻግሩት እንደሚይዘው። እስከ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ድረስ አልለቀቃትም፤ እሷም አላስለቀቀችውም።

ጠባብ ክፍል ነበረች፤ የእርጥብ ካፖርት ሽታ አላት። ቀጮ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆሟል። ድሮም ሥጋ አልነበረው፤ አሁን ጭራሽ ልብሱ ብቻውን የቆመ ይመስላል። አየት አደረጋትና በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። እንደ ሁልጊዜው። ይህ ልጅ በየመንገዱ ባገኛት ቁጥር እንዲህ ሰላም ይላት ነበር፤ አንድ ቀን መልሳለት አታውቅም።

ቃለ መሐላ ፈጸመች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። "በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅዎ የት ነበር?" ስትል ጠየቀቻት።

እትዬ ካውያ ውሃ ለመነች። ሰጧት። ጠጣች። ልጇ ከኋላ ወንበር ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ ዞር ብላ ካየችው እንደማትችል ታውቃለች። ስለዚህ የቀጮን እጆች አየች፤ በካቴና የተያያዙትን።

"መኪናዋን ሲነዳ ነበር" አለች። "ሰውየውን የገጨው የኔ ልጅ ነው። የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው። ይህ ልጅ ምንም አላደረገም።"

ከኋላዋ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ "እማ!" የሚል ድምፅ ሰማች። የቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን በቻለችው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥለውት እንደወጡ ሕፃን ዓይነት ጥሪ ነበር።

ልጇ ተፈረደበት። ገጭቶ ቢያቆም፣ ራሱ ቢናገር ኖሮ ቅጣቱ ይህን ያህል አይረዝምም ነበር አሉ የሚያውቁ ሰዎች። ያንንም ቆጥራ በራሷ ላይ ጨመረችው። እሷን በሐሰት ቃሏ ከሰው፣ ዕድሜዋንና ዘግይቶም ቢሆን መናገሯን አይተው በገደብ ለቀቋት። ሥራዋን አላጣችም። ሰው ግን ለሁለት ተከፈለባት። ገሚሱ "ልጇን የሸጠች" አላት፤ ገሚሱ "ጻድቅ ናት" አላት። የሁለተኞቹ ባሰባት። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ "እትዬ፣ እንዳንቺ ያለ ልብ ይስጠኝ" ስትላት፣ "አይስጥሽ" ብላ አንሶላውን ትታ ወጣች። እሷ ጽድቅ አልተሰማትም። የተሰማት ባዶ ቤት ነው፤ ሁለተኛው ትራስ፣ ማንም የማይገፋው በር። ትክክለኛውን መንገድ የመረጠ ሰው ልቡ ያርፋል ብላ ለስንቱ ስትናገር ኖራለች፤ አላረፈም። አንድ ነገር ብቻ ቀረላት፤ ማታ ማታ እያለቀሰችም ቢሆን እንቅልፍ መጣላት። ዝም ባለችባቸው ሳምንታት አይመጣም ነበር።

እሑድ እሑድ ወደ ማረሚያ ቤቱ ትሄዳለች። ልጇ አይወጣላትም። ጠባቂው ገብቶ ይመለስና "አላገኝም ብሏል፣ እናት" ይላታል፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ያፍር ነበር፤ በኋላ እንደ ሰላምታ ለመደው። ይዛው የመጣችውን ምግብም አይቀበልም። እንዲያም ሆኖ ከአጥሩ ውጭ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ ትቀመጣለች።

ከእለታት አንድ እሑድ እዚያው እንደተቀመጠች አንድ ቀጭን ጥላ ከፊቷ ቆመ። ቀጮ ነው። ከተፈታ ወዲህ ሥጋ መልበስ ጀምሯል፤ እሱም ሥጋ ከተባለ።

"እትዬ፣ ምግቡን ለኔ ስጪኝ" አላት። "የኔ እናት የሠራችው ነው ብዬ አስገባለታለሁ። እኔን አያስመልሰኝም።"

"አንተን ያገኝሃል?"

"ያገኘኛል። መጀመሪያ ቀን አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ አለቀሰ። አሁን ስለ መኪናዋ ይጠይቀኛል። ፍሬኗ ተሠራ ወይ ይለኛል።"

ሳህኑን በጨርቅ እንደጠቀለለችው ሰጠችው። ገብቶ ብዙ ቆየ። ጠያቂዎች አንድ በአንድ ወጥተው ሲያልቁ እሱም ባዶውን ሳህን ይዞ ወጣ።

"በላ?"

"ከኔ ጋር በላ።"

"አወቀው? የኔ እጅ መሆኑን?"

"መሰለኝ። አንዴ ጎርሶ ሳህኑን አተኩሮ አየው። ከዚያ ግን አልተወውም፤ ጨረሰው።"

"ስለኔ… ጠየቀ?"

ቀጮ ሳህኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ለማለት ሞከረና ተንተባተበ። ከዚያ ተወው።

"አልጠየቀም፣ እትዬ" አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ሳህኑን ተቀብላ በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችውና፣ "ለሚመጣው እሑድ ምን ልሥራለት?" ስትል ጠየቀችው።